ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ የዕለቱን ፕሮቲን ከቤት ማዕድ ስለ ማሟላት

ታላቅ እኅቴ አዲስ አበባ የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ወደ ደብረ ብርሃን በተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት ቤታችን በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። አንዱ አጥሚት በፔርሙዝ፣ ሌላው ለጋ ቅቤ የፈሰሰበት የገብስ ገንፎ፣ ሦስተኛው የበግ መረቅ ይዞ ይመጣል። ሁሉም የመጣው ከፍቅር ነው፤ ሕመምተኛን እንዲህ አድርጎ ማበርታትም አድገን ያገኘነው ወግ ነው። ነገር ግን ማታ ደብተሬን ይዤ የቀመሰችውን ሁሉ ስደምረው ቀኑን ሙሉ ያገኘችው ፕሮቲን ከ20 ግራም አልበለጠም፤ የታዘዘላት ግን ከ60 ግራም እንዳያንስ ነበር። ሆዷ ሞልቷል፣ ሰውነቷ ግን ተርቧል።

ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ለሚኖሩ ታካሚዎች፣ ከእነርሱም ይበልጥ ለአስታማሚዎቻቸው ነው። የምግብ መመሪያ ወረቀቶች ብዙውን ጊዜ በገበያችን በማይገኙ የውጭ ምግቦች የተሞሉ ስለሆኑ፣ አንባቢው ፕሮቲን ማለት በቆርቆሮ ታሽጎ ከፋርማሲ የሚገዛ ነገር ብቻ ይመስለዋል። የሞረትና ጅሩ ምስር፣ የምንጃር ሽምብራ፣ የሸዋ ሮቢት ማሾ፣ የደጋው ባቄላና የጓሮ ዶሮ ዕንቁላል ባሉበት አገር ይህ አያስፈልግም ነበር። ከዚህ የሚከተለው የሐኪምዎን ትእዛዝ የሚተካ ሳይሆን፣ ትእዛዙን በራስዎ ማእድ ቤት ለመፈጸም የሚረዳ ነው።

ስንት ግራም፣ ለምንስ

በትምህርት ቤት «ገንቢ ምግብ» እየተባልን የተማርነው ፕሮቲን ነው። ስሊቭ በሚባለው የጨጓራ ማሳነሻ ዓይነት ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። ባይፓስ በሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ከአንጀት ጋር ስለሚገጠም፣ ምግቡ የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ዘልሎ ያልፋል። በሁለቱም መንገድ የሚበላው ምግብ በእጅጉ ይቀንሳል። ሰውነት የጎደለውን ኃይል የሚያወጣው ከተከማቸው ስብ ብቻ አይደለም፤ በቂ ፕሮቲን ካላገኘ ከጡንቻም ያወጣል። ጡንቻው የሚሳሳ ታካሚ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ስለሚወርድለት ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ቁስሉ ቶሎ አይጠግግም፣ ሲብስም እግሩ ያብጣል።

በተለምዶ የሚመከረው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ለአንዳንድ ታካሚዎች ለቁመታቸው ተስማሚ በሆነው ክብደት በኪሎ እስከ 1.5 ግራም ሊደርስ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን በራሱ መወሰን የለበትም፤ ሐኪሙ ይወስንለት።

አስታማሚዎች አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው በስሊቭ ከሚቆረጠው የጨጓራ ክፍል ስለሆነ፣ ታካሚው ለወራት ረሃብ ላይሰማው ይችላል። «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መተው ስለዚህ ትልቅ ስሕተት ነው። ምግቡ እንደ መድኃኒት በሰዓት መሰጠት አለበት፤ በየሁለት ሰዓት ተኩል ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ።

ግራሙን በሲኒና በማንኪያ ማወቅ

አነስተኛ የማእድ ቤት ሚዛን መግዛት ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ የቡና ሲኒ መልካም መለኪያ ይሆናል፤ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ግን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ውሃ እየሞሉ አስቀድመው ይወቁት፤ ሲኒ ከሲኒ ይለያያልና። የእኛ ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ይይዝ ነበር፤ ለእኅቴ በመጀመሪያው ወር አንድ ሲኒ ማለት አንድ ሙሉ ገበታ ማለት ነበር።

አንድ መካከለኛ ዕንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ትንሹ የሐበሻ ዶሮ ዕንቁላል ወደ 5 ግራም ይጠጋል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ፣ 240 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። የቤታችን አይብ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ የከበረ ነው፤ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ ትንሽ ሲሆን፣ በ100 ግራም ውስጥ 14 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኝበታል። ለስላሳና እርጥብ ስለሆነም ለአዲስ ጨጓራ ይመቻል፤ ቅመምና ቅቤ ሳይጨመርበት በማንኪያ ቢበላ ከዚህ የተሻለ ምግብ በቀላሉ አይገኝም። የበሰለ የዶሮ ፈረሰኛ በ100 ግራም 30 ግራም ገደማ፣ ስቡ የተለየለት የበሰለ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ከ25 እስከ 26 ግራም ይይዛሉ። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም፣ የተቀቀለ ሽምብራም እንደዚያው፣ አተር ክክ 8 ግራም፣ ባቄላ ከ7 እስከ 8 ግራም፣ ማሾ 7 ግራም ገደማ አላቸው።

ሽሮ የሚመዘነው በወጡ ሳይሆን በዱቄቱ ነው። 40 ግራም የሽሮ ዱቄት 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው፣ ውሃው ቢበዛ ፕሮቲኑ አይጨምርም፤ ትንሹ ጨጓራ ግን በውሃው ይሞላል። ስለዚህ ሽሮው ወፍራም ይሁን፣ ዘይቱም ጥቂት።

አሁን ደግሞ ጠያቂ ወደሚያመጣቸው ምግቦች ልመለስ፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ለጋ ቅቤ ምንም ያህል የሸኖ ቢሆን ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። መረቅ ያጽናናል፣ ያሞቃል፣ ጨውና ፈሳሽም ይሰጣል፤ የሥጋው ፕሮቲን ግን አብዛኛው ሥጋው ውስጥ ነው የሚቀረው፤ መረቁን ለሕመምተኛ ሰጥተን ሥጋውን ለጤነኛ ስናቀርብ ገንቢውን ለማያስፈልገው ሰው ሰጠን ማለት ነው። ቅልጥምም ውስጡ ስብ ነው። አጥሚት፣ ገንፎና ቂንጬ በብዛት ኃይል ሰጪ ናቸው፤ በሶም እንዲሁ። እነዚህን ከቤት ማባረር አያስፈልግም። አጥሚቱ በውሃ ፈንታ በወተት ይሠራ፣ ስኳርና ማር አይግባበት፣ ሲወርድም ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይመታበት፤ ይህ ብቻውን 5 ግራም ገደማ ይጨምራል። ማርና ስኳር የማይገቡበት ምክንያት ካሎሪ ብቻ አይደለም። በተለይ ባይፓስ የተደረገለት ሰው ጣፋጭ ሲቀምስ ምግቡ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለሚወርድ ላብ፣ የልብ መምታት፣ ማጥወልወልና ተቅማጥ ሊከተለው ይችላል፤ ሐኪሞች ይህን ዳምፒንግ ይሉታል።

የፕሮቲን ዱቄት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ገና ፈሳሽ ብቻ በሚፈቀድበት ጊዜ፣ በእውነት ይጠቅማል፤ አንድ ስፍር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ይይዛል። የሚበዛው ዓይነት ከአጓት የሚሠራ ስለሆነ አንዳንዶች «እንግዲያው የአይባችንን አጓት እንጠጣ» ይላሉ፤ የቤቱ አጓት ግን አብዛኛው ውሃ ነው፣ በ100 ሚሊ ሊትር 1 ግራም እንኳ አይሞላም። ዱቄት ሲገዙ የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ስፖርተኞች ክብደት ለመጨመር የሚወስዱት ዓይነት በስኳር የተሞላ ስለሆነ ለዚህ ታካሚ አይሆንም።

በየሳምንቱ የሚፈቀደው

የሕክምና ቡድኖች በቀናት ይለያያሉ፤ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወተትን የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ልሞ የተፈጨ፣ ከዚያ በኋላ ለስላሳ ምግብ፣ ከሁለት ወር ገደማ ወዲያ ደግሞ ቀስ በቀስ የተለመደው ምግብ ይፈቀዳል። ወተቱ በማንኛውም ደረጃ መፍላት አለበት፤ በአካባቢያችን ጥሬ ወተት መጠጣት የተለመደ ቢሆንም፣ ከጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ሊተላለፉ ይችላሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወተት ሆዱን የሚነፋውና የሚያስቀምጠው ሰው ወደ እርጎና አይብ ይዙር፤ እነዚህን ብዙ ጊዜ ይችላቸዋል።

በተፈጨው ደረጃ የእኛ ማእድ ቤት ከማንም አያንስም። አልጫ ምስር ክክ በደንብ በስሎ ሲፈጭ፣ ፉል ገለባው ወጥቶ ሲላም፣ እልበት በሚገባ ሲመታ፣ አይብ በእርጎ ሲለሰልስ፣ ዕንቁላል በወተት ተመትቶ በቀስታ ሲበስል ሁሉም ለዚህ ጊዜ የተዘጋጁ ይመስላሉ። በርበሬና ሰናፍጭ በእነዚህ ሳምንታት ይቅሩ፤ ስልጆ የሚወድ ሰው ቢከፋውም ይታገሥ። ጥራጥሬ አስቀድሞ አድሮ ቢዘፈዘፍና ገለባው ቢወገድ ነፋቱ ይቀንሳል፤ ዘፍዝፎ ማብቀልም በውስጡ ያለው ብረት የተሻለ እንዲወሰድ ይረዳል።

ሥጋ የሚያስቸግረው በኋላ ነው። የደረቀ ጥብስ በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ተወትፎ ደረትን ያስጨንቃል፣ ያስመልሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዶሮና ዓሣ፣ ቀጥሎ በደንብ የተፈጨና መረቅ ውስጥ የበሰለ ቀይ ሥጋ፣ ቁርጥራጭ ሥጋ ከሁሉም በኋላ። የመንዝ በግ የታረደ ዕለት ለታካሚው የሚወጣው ብልት ስብ የሌለበት ይሁን፣ ተከትፎም ለረጅም ሰዓት ይቀቀል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ አይታሰቡ። በቤታችን በጣም የረዳን ቋንጣ ነበር፤ በሚገባ የደረቀውን ቋንጣ ወቅጠን በወንፊት ነፍተን፣ ዱቄቱን በወፍራም አልጫ ሽሮ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ እየጨመርን በደንብ እናበስለው ነበር። ውሃው ስለወጣለት በትንሽ መጠን ብዙ ፕሮቲን ይይዛል፣ አይወተፍምም።

ሁለት ወር ያለፈው ሰው አንድ የፍስክ ቀን ይህን ሊመስል ይችላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሁለት ዕንቁላል ፍርፍር፣ 12 ግራም፤ 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ብርጭቆ እርጎ ከሁለት ማንኪያ የዱቄት ወተት ጋር፣ 9 ግራም፤ 7 ሰዓት ላይ 50 ግራም የተከተፈ ዶሮ፣ 15 ግራም፤ 10 ሰዓት ላይ አንድ ሲኒ አይብ፣ 10 ግራም፤ ምሽት 1 ሰዓት ላይ 100 ግራም ወፍራም ምስር፣ 9 ግራም፤ ከመኝታ በፊት 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ከ6 ግራም በላይ። ድምሩ 61 ግራም ነው። ዶሮው ቢቀርና በምትኩ ገንፎ ቢበላ ቀኑ ወደ 50 እንደሚወርድ ልብ ይሏል።

መሶቡና ጉርሻው

በአንድ መሶብ ለሚበላ ቤተሰብ ታካሚው የበላውን መለካት አይችልም። ስለዚህ የእርሱ ድርሻ አስቀድሞ ተመዝኖ በትንሽ ሳህን ይውጣ፣ ከዚያ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ። ወጡን በማንኪያ መብላት ይልመድ፤ በእንጀራ ሲጠቀለል እያንዳንዱ ጉርሻ ግማሹ እንጀራ ስለሚሆን፣ በ100 ግራም 4 ግራም ገደማ ብቻ ፕሮቲን ያለው እንጀራ ቦታውን ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም አብጦ ይከብዳል። መጀመሪያ ገንቢው ይበላ፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ ቦታ ከተረፈ እንጀራው። ጉርሻ ደግሞ በፍቅር የተሰጠ ቢሆንም ለዚህ ሆድ ይበዛል፤ ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢነገረው «እምቢ» ማለት ለታካሚው አይከብደውም። እያንዳንዱን ጉርሻ ከ20 ጊዜ በላይ ማኘክ፣ አንዱን ገበታ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ መጨረስ፣ የጥጋብ ጫና ሲጀምር ማቆም ያስፈልጋል።

ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። በቀን ግን ቢያንስ 1 ሊትር ተኩል በትንንሽ ጕንጭ መግባት አለበት። የአምቦ ውሃና ለስላሳ ይቅሩ። ጠላና አረቄም አይሆኑም፤ አልኮል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል።

ስለ ጾም

ብዙዎች አፍረው የማይጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት ሲደመሩ ለምእመን የዓመቱ ግማሽ ገደማ ያህል ይሆናሉና ጥያቄው በማዘግየት አይታለፍም። ቁጥሩን በግልጽ ላስቀምጥ። በጾም ቀን 100 ግራም ፉል 8 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት 6 ግራም፣ 100 ግራም ምስር 9 ግራም፣ ከ40 ግራም የባቄላ ዱቄት የተሠራ እልበት 9 ግራም፣ ወፍራም ሽሮ 8 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 4 ግራም ይሰጣሉ። ድምሩ 44 ነው። ይህም ስድስት ጊዜ ለበላ ሰው ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ግን ሦስት ገበታ እንኳ በቅጡ አይገባም፣ የቀረውን ማታ ደርቦ መብላትም በዚህ ጨጓራ አይቻልም። ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፕሮቲኑም በላይ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የንስሐ አባትን ማነጋገር ይገባል። ለሕመምተኛ የሚደረግ ርኅራኄ በቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐኪሙ ያዘዘውን የግራም ቁጥር በወረቀት ይዘው ቢቀርቡ ውሳኔው ይቀላል። የእኅቴ የንስሐ አባት መጀመሪያ የጠየቋት «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብለው ነበር፤ ያንን ሰምተው እስክትጠነክር በጸሎት እንድትተጋ አሰናበቷት። ከዓመት በኋላ የጾም ምግብ ብቻ መብላት ስትጀምርም ሰዓት ሳትቆይ፣ ከዕፅዋት የተሠራ አንድ ስፍር የፕሮቲን ዱቄት እየጨመረች 60ውን ታልፋለች። ቀኑን መምረጥ የሚችል ታካሚ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ከፋሲካ በኋላ ወዲያው ቢያደርግ መልካም ነው፤ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ስለሆነ ፈሳሹና የተፈጨው ደረጃ በእርሱ ውስጥ ያልፋሉ። በቆላው ወረዳዎች ረመዳንን የሚጾሙ ወገኖቻችንም ጉዳዩ አንድ ነው፤ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አስተማሪያቸው ጋር አስቀድመው ይምከሩ።

በጥራጥሬ ላይ ለሚደገፍ ሰው አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። የሚገዛው ሽሮ ጓያ እንዳይሆን፣ ጓያም እንዳይቀላቀልበት ምንጩን ይወቁ፤ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው። ባቄላውን ወይም ሽምብራውን ራስዎ ገዝተው ቢያስፈጩ ከሁሉ ይሻላል።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው

የታዘዙትን ቪታሚኖች ፕሮቲን አይተካቸውም፤ ቢ12፣ ብረት፣ ቪታሚን ዲና ካልሲየም በታዘዙበት መጠን ይወሰዱ። ብረትና ካልሲየም በሁለት ሰዓት ይራራቁ፤ ቡናና ሻይም ከብረቱ ይራቁ። የደም ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት በተቀጠረው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ አይታለፍ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር መሳሳቱ የተለመደ ነው፤ በቂ ፕሮቲን በሚበላ ሰውም ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሶ ይበቅላል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም እግር ካበጠ፣ ወይም ከመቀመጫ መነሣት ካቃተ ምርመራ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ትውከት ነው። ለሁለትና ለሦስት ቀናት የበላውን ሁሉ የሚመልስ ታካሚ «ይለፍለታል» ተብሎ ቤት መቆየት የለበትም፤ በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የማይከማቸው ቪታሚን ቢ1 ቶሎ ያልቅና አእምሮንና ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን የሚገልጸውን ወረቀት ሁልጊዜ ይያዙ። መሐል ሜዳም ሆነ አንኮበር፣ የሚቀርበው ጤና ተቋም ሲደርሱ ጨጓራው መቆረጡን፣ ትውከቱም ስንት ቀን እንደሆነው አስቀድመው ይንገሩ፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ወይም አብሮት ቪታሚን ቢ1 እንዲሰጥ የሚያስበው ባለሙያ ይህን ሲያውቅ ነውና።